አቶ ጉተማ አንድም ቀን አልወደቁም

ለተከበሩ አቶ በለጠ
የድርጅታችን የአስተዳደር ኃላፊ
ካዛንቺስ

ግንቦት 2003 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጨጓራዎስ ተሻለዎት? እርስዎን ደህና ያድርግልን እንጂ እኛ ሠራተኞችዎ ሰርቪስ ካጣን ወዲህ ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ዳገቱን በእግራችን እየወጣን እጅግ ደህና ነን፤ ወገባችን ቀጥኗል፣ ልብሳችን ሰፍቶናል፣ ለዚህም ምስጋናችን ከልብ ነው።

እኔ እጸገነት ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቤት ፕላን የምሠራው። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። የጻፍኩልዎ ማስታወሻ ሁሉ እርስዎ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ ሌላ ነገር እየሆነ ስላስቸገረኝ፣ ይህንኛውን እንኳ ሌላ ሰው አይቶ ምስክር ይሁነኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ኮምፒውተሬ። አምና «ነፃ ነው፣ ቫይረስም አይደፍረው» ተብሎ በኮምፒውተሮቻችን ላይ ሊኑክስ የሚባለው፣ ኮምፒውተሩን በጠቅላላ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ሲጫን ካጨበጨቡት አንዷ ነበርኩ፤ ዛሬም አልጸጸትም። ነገር ግን ሊኑክሱ ከታደሰ በኋላ ፕላን ከፍቼ ጥቂት መስመር እንዳሰመርኩ ስክሪኑ ቀጥ ይል ጀመር፤ ከዚያ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ያላስቀመጥኩት ሥራም አብሮት ይሄዳል። ጥፋቱ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነበር። ድራይቨር ማለት ሊኑክሱ፣ ምስል ስክሪን ላይ ከሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም ነው፤ መሪ አይጨብጥም፣ መንጃ ፈቃድም የለውም። ስለዚህ «የሊኑክሱ ግራፊክስ ድራይቨር በተደጋጋሚ ክራሽ ስለሚያደርግ ባለሙያ ይይልኝ» ብዬ ጻፍኩልዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀይ እስክሪብቶዎ። ለቋንቋችን ያለዎት ፍቅር የታወቀ ነው፤ የቢሮ ጽሑፍ ሁሉ በንጹሕ አማርኛ ይሁን ብለው ያስተላለፉትንም መመሪያ እኔ በበኩሌ አከብራለሁ። ማስታወሻዬ ታርሞ ሲመለስ «ድራይቨር» ተሰርዞ «አሽከርካሪ» ሆኗል፤ «ክራሽ ያደርጋል» የሚለውም «ይወድቃል» ተብሏል። «ግራፊክስ» ግን ትርጉም ስላልተገኘለት ጭራሹን ወጥቷል። በዚህ ዓይነት «የሊኑክሱ አሽከርካሪ በተደጋጋሚ ስለሚወድቅ ባለሙያ ይየው» የሚል ጽሑፍ በፊርማዎ ታጅቦ ወደ ስምሪት ክፍል ተመራ። ድርጅታችን ያለው አሽከርካሪ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም አቶ ጉተማ ናቸው።

አቶ ጉተማን ማን ያጣቸዋል? ሰርቪሱን ሲነዱ እንኳን ሊወድቁ ሲያዛጉ ያየናቸው የለም። እርስዎ ግን የሰርቪሱን ቁልፍ ተቀብለው ለሚጥል በሽታ ምርመራ ላኳቸው። ሐኪሙ ጤነኛ ናቸው ብሎ ጻፈ። እርስዎ ግን መቼም ጥንቃቄ አይለይዎትምና፣ ሐኪሙ ያያቸው ለአንድ ጠዋት ብቻ ስለሆነ፣ መውደቃቸውን ያመለከተችው ሠራተኛ መውደቁ መቆሙን በጽሑፍ እስክታረጋግጥ ድረስ ቁልፉ አይመለስም አሉ። ሰውዬው በር ላይ ከጥበቃዎቹ ጋር ተቀመጡ። ወሬው ቄራ ሰፈራቸው ደርሶ ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው ጠበል እንውሰድዎት ብለው አስጨነቋቸው። አንድ ጠዋት በበሩ ሳልፍ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እጸገነት ልጄ፣ እኔ መቼ ነው የወደቅሁት?» አሉኝ። በቀጥታ ወደ ቢሮዎ ብመጣም ጸሐፊዎ ጉዳዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ነግራ መለሰችኝ።

ሦስተኛ፣ እንግዲህ የሰው እንጀራ በኔ ኮምፒውተር ላይ ተንጠለጠለ። ድራይቨሩ እየወደቀ «አይወድቅም» ብዬ እንዳልፈርም ውሸት አልወድም፤ ስለዚህ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ስክሪኑ ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል ትቼ፣ በኪቦርዱ ጽሑፍ ብቻ ወደሚታይበት ገጽ እየወጣሁ ሊኑክሱ የመዘገበውን ስህተት አነበብኩ። ድራይቨሩ የተሠራው ለቀድሞው ከርነል፣ ማለትም ለሊኑክሱ ለራሱ እምብርት ነው፤ ከርነሉ ሲታደስ እሱ እዚያው ቀርቷል፣ ሁለቱ አልተዋወቁም። ለማረጋገጥ ኮምፒውተሩን በድሮው ከርነል ባስነሳው ሰላም ዋለ። ከዚያ የሚስማማውን ድራይቨር ካዛንቺስ ካለ ኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ላመጣ ሄድኩ፤ ማውረዱ ሊያልቅ ሲል መብራት ይጠፋል፣ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እንደምንም አምጥቼ፣ የድሮውን ነቅዬ፣ አዲሱን ጭኜ፣ ባለኝ ከባድ ፕላን ቀኑን ሙሉ ፈተንኩት። አንድም ጊዜ አልወደቀም። አቶ ጉተማ ቁልፋቸውን ሊያገኙ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

አራተኛ፣ ትልቁ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ነው። አሽከርካሪው አሁን እንደማይወድቅ በንጹሕ አማርኛ አመለከትኩ። እርስዎም ምን ርምጃ እንደተወሰደ በዝርዝር እንዳስረዳ አዘዙኝ። እኔም እንዳይሳሳቱብኝ ብዬ «የተባለው ድራይቨር ሰው አይደለም፤ የተበላሸው ተወግዶ በአዲስ ተተክቷል» ስል ጻፍኩ። ውሎ ሳያድር ሁለት ደብዳቤዎች ከቢሮዎ ወጡ። አንዱ ለኔ ነው፤ በዕድሜ የሚበልጡኝን የሥራ ባልደረባ «ሰው አይደለም» ብዬ በመሳደቤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ሁለተኛው ለአቶ ጉተማ ነው፤ በባለሙያ አስተያየት መሠረት ተወግደው በአዲስ ስለተተኩ ከሥራ ተሰናብተዋል። የተተኩበት አዲሱ ሰው ግን ስላልተገኘ የቅጥር ማስታወቂያ እንዲወጣ አዘዋል። በዚህ ፍጥነት የተፈጸመ ሌላ ጉዳይ በድርጅታችን አላየሁም።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። ስንብቱ ይሰረዝ፤ ቁልፉ ወደ እጃቸው ይመለስ፤ በዚህ ሰሌዳ ላይም አቶ ጉተማ አንድም ቀን እንዳልወደቁ በፊርማዎ ይለጠፍልን፣ ቄራ ወስደው ለጎረቤቶቻቸው የሚያሳዩት ይሁናቸው። እኒህ ሰው በዝናብም በጭቃም ያላንዳች ጭረት ሲያመላልሱን የኖሩ ናቸው፤ ስማቸው በአንድ ቃል እርማት ሲበላሽ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ለኔ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን ባለበት ይቆይ፤ ፍሬም አሠርቼለታለሁ።

ጨጓራዎን እያከበርኩ፣ እስክሪብቶዎን እየፈራሁ፣ የዳገቱ ትንፋሽ ሳይመለስልኝ፣

ታዛዥዎ እጸገነት
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከማይወድቀው ድራይቨር አጠገብ

ተጨማሪ፦ በአቶ ጉተማ ቦታ ያወጡት የቅጥር ማስታወቂያ «ሊኑክስ የማሽከርከር ልምድ ያለው» ስለሚል፣ መንጃ ፈቃድ ይዘው የመጡት ሾፌሮች በሙሉ እንዲህ የሚባል መኪና አይተን አናውቅም ብለው ተመልሰዋል። ያለፈው አንድ ወጣት ብቻ ነው። ትናንት አግኝቼ አነጋገርኩት፤ ሊኑክስን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ መሪ ግን በሕይወቱ ጨብጦ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱን ይረከባል። እኛ በእግራችን መምጣቱን ለምደነዋል፤ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት እርስዎ ነዎትና ቀበቶዎን ጠበቅ አድርገው እንዲያስሩ በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።