የኢምፔሪያሉ ውሻ

ቦሌ ቡልቡላ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቡታጅራ፣ እናቷ ቤት ላለችው ለባለቤቴ ለሐሚዳ

አሰላሙ አለይኩም ሐሚዳዬ፣ የነኢማ እናት!

ከቦሌ እስከ የካ አባዶ ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ በሞተር እሄደዋለሁ። እሺ፣ አንዱን ዓይን። እሱንም አቧራ ሲገባብኝ ነው። ግን በዚህ ከተማ ካለው ሞተረኛ ሁሉ እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም፤ ከዚህች ፍንክች አልልም። እዚህ መስመር ላይ ለመድረስ ስንቴ ተነስቼ ስንቴ እንደተቀመጥኩ ብቻ አትጠይቂኝ። መስኮቱ ጋ ሄጄ መንገዱን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ሻይ አሞቃለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ያላንቺ ይሄ ቤት ሰው አያስቀምጥም።

በስልክ መቀለድ ስጀምር ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ደሞም የእጄን ጽሑፍ እንድታይልኝ ነው። ወደ ቡታጅራ ዕቃ የሚጭነው አሌክስ ያደርስልሻል።

ልትወልጂ ወደ እናትሽ ስትሄጂ መናኸሪያ ላይ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «እንዲህ ስልክ ስልክህን እያየህ የምትነዳ ከሆነ፣ እኔ ልጅ አቅፌ መስኮት ላይ ቆሜ ስጠብቅህ አላመሽም። እዚያው እናቴ ጋ እቀራለሁ» አልሽኝ። እኔም «እንኳን ስልክ፣ አንቺን እያየሁም ነድቼ አልወደቅኩ» ብዬ ሳቅኩ። አንቺ አልሳቅሽም። አሁን አርባ ቀንሽ ሊሞላ ነው። ትመጪ እንደሆነ፣ ትቀሪ እንደሆነ፣ አንድ ቃል አልወጣሽም።

ዱሮማ ስልክ ማየት ለምኔ ነበር? ማፔ አንቺ ነበርሽ። አራተኛ ክፍል የደረሰው ወረቀቴ እንጂ ጭንቅላቴ እንዳልሆነ ካንቺ በቀር ማን ያውቃል? እቤት ሆነሽ ያለሁበትን በስልክሽ እያየሽ በጆሮዬ ትመሪኝ ነበር።

«ግራ ያዝ።»

«ያዝኩ።»

«ያ ቀኝህ ነው፣ ሐሩን!»

«ቀኙ ነዋ ያማረኝ።»

«ደንበኛው ምግቡ ቀዘቀዘ ብሎ ሲሰድብህ ያምርሃል!»

ሆድሽ ገፍቶ መምራቱ ሲደክምሽ ጆሮዬ ውስጥ የተተካችው የማፑ ሴትዮ ናት። በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው። አንድ ነገሯን ወድጄላታለሁ፤ ስሳሳት አትቆጣም፣ ዝም ብላ ሌላ መንገድ ትፈልግልኛለች። ግን ገርጂን ስትጠራው ሆዷን የቆረጣት ነው የሚመስለው። እሷን ከመስማት ይልቅ ስልኩን ማየቱ ግድ ሆነ። ማየቱ ደግሞ ማንበብን አመጣ። የማታ ትምህርት የገባሁት ለዚህ ነው።

አስተማሪያችን እትዬ ብርኽቲ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እኔ አንዲት መስመር ለማንበብ ከወንበሬ እነሳለሁ፣ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። «ሐሩን፣ ቁጭ በል! ማንበብ ቁጭ ብሎ ነው!» ይሉኛል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሞተረኛ ነኝ።»

«ታዲያ ሞተርህ ላይ ቆመህ ነው እንዴ የምትሄደው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከእኔ በላይ የሚቀልድ ሰው አገኘሁ ብዬ ልተኛ አልቻልኩም።

ማንበብ ስችል ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ማንበብ ሳልችል ስልኩ ላይ ያለችውን ቀስት ብቻ ገልመጥ አድርጌ አልፍ ነበር። አሁን ዓይኔ አላርፍ አለ። ማፑ ላይ ያለውን ሁሉ ላንብብ ይላል፤ ፋርማሲውን፣ ጸጉር ቤቱን፣ ጎሚስታውን። የአንዱን ስም ፊደል በፊደል ለቅሜ ስጨርስ መታጠፊያው ከኋላዬ ነው።

ነኢማ የተወለደች ዕለት ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ መውደቄን አብሮኝ የሚሠራው ካሊድ፣ ያ አፈ ወንፊት፣ ነግሮሻል። እኔም ስትጠይቂኝ አልደበቅኩሽም፤ ውሻ ነው ብዬሻለሁ። ቡናማ ውሻ ነው፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ጥጋበኛ። ከሚኒባሶቹ መሀል ብቅ አለና እንደ ትራፊክ ፖሊስ አስፋልቱ መሀል ቆመ። ፍሬን ያዝኩ፣ ተንሸራተትኩ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ስፖኪዮው ተሰበረ። ከኋላዬ የነበረው የአሸዋ መኪና ባይቆምልኝ ኖሮ… እሱን ተይው። ሹፌሩ ወርዶ ብብቴን ይዞ አነሳኝና «አንተ፣ ሚስት የለችህም?» አለኝ። «አለችኝ» አልኩት። የፈራሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ገርጂ፣ መካኒኩ ገብረሰንበት ጋራዥ ሄድኩ። ስልኩን የት እንደማስቀምጠው ጠየቀኝ። አንዳንዴ ሄልሜቱ ውስጥ ጉንጬ ላይ ወትፌ፣ አንዳንዴ የነዳጁ ታንክ ላይ በላስቲክ አስሬ፣ አልኩት።

«ታንክ ላይ ያለውን ለማየት አንገትህን ደፍተህ? ውሃ የምትጠጣ ዶሮ ነህ እንዴ?»

ሞተሩ ላይ አስቀመጠኝና «ወደፊት እይ» አለ። እኔ እያየሁ የስልክ መያዣ አምጥቶ ከመሪው መሀል፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ከፍ አድርጎ አሰረው፤ መንገዱን ግን አልጋረደም። «ዓይንህ ይውረድ እንጂ አንገትህ አይውረድ» አለኝ። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ስልኩ መስታወት ይሆንና የማየው የራሴን ፊት ነበር። ያምራል፤ ግን መንገድ አያሳይም። ካረጀ ጀሪካን ቆርጦ፣ ጥቁር ቀብቶ፣ እንደ ኮፍያ ጥላ ሠራለት። ማዳመጫውንም አንድ ጆሮዬ ላይ ብቻ አደርጋለሁ፤ ሌላው ለጥሩምባ ክፍት ነው።

አሁን የምሄድበትን ሳልነሳ በፊት አስገባለሁ። እየነዳሁ የማየው ቀስቷን ብቻ ነው። የሚነበብ ነገር ከመጣ ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋለሁ። ትናንት የካ አባዶ፣ የኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች መሀል ጠፋሁ። (ዓይኔን ጨፍኜ ያልኩሽን እርሺው።) ደንበኛዋ ትደውላለች፣ ትጮኻለች። እግሬ መሬቱን ይደበድባል፣ እጄ ወደ ቁልፉ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ። ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ስደርስ «ምነው፣ መንገድ ላይ ተኝተህ ነበር?» አለችኝ። «አይ፣ እያነበብኩ ነበር» አልኳት። አቤት ስትገላምጠኝ!

ሐሚዳዬ፣ ነኢማን አቅፈሽ መስኮት ላይ ቁሚልኝ አልልሽም። በየትኛው መኪና እንደምትመጪ ብቻ ንገሪኝ። መስኮቱ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ እቆማለሁ፤ መቆሙንስ ማን እንደ እኔ!

እናትሽን ሰላም በይልኝ። ላንቺ ጉልበት፣ ለጡትሽ ወተት፣ ለነኢማ ዕድሜ፣ ለዚህ ጭር ላለው ቤት የልጅ ለቅሶ አላህ ይስጥ። ግንባሯን ሳሚልኝ።

አንባቢውም ጸሐፊውም ባልሽ፣
ሐሩን

ደብዳቤውን አጥፌ ለአሌክስ ልሰጥ ደረጃውን ወርጄ ነበር። ተመልሼ መጣሁ።

ውሻ አልነበረም። ጆሮውንም የቆረጥኩት እኔው ነኝ። ያን ዕለት እናትሽ ሊደውሉልኝ ሲሉ «ተዪው እማ፣ ራሱ ያንብበው» ማለትሽን ኋላ ነግረውኛል። ስምሽ ከነመልእክትሽ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ጥግ ልያዝ አልኩ፤ አላስቻለኝም። «ሴት» የሚለውን እየነዳሁ አነበብኩ። «ልጅ» ላይ ስደርስ ወደቅኩ። «ሁለታችንም ደህና ነን» የሚለውን ግን አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።