በገናና ሙቀጫ በአንድ ካሴት

ሰኞ
የቴፑ ቀይ የመቅጃ ቁልፍ ለብቻው አይወርድም። ግማሽ ቀን ስታገለው ውዬ፣ ከማጫወቻው ጋር አብሬ ስጫነው እሺ አለኝ። ቴፑ አዲስ ነው፤ በጅቡቲ ባቡር ከገባ ዕቃ ገዝቼ፣ ፊናንስ ፖሊስ እንዳያይብኝ በነጠላ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። በዐቢይ ጾም ኮንትሮባንድ! ምን ላድርግ፣ ልጄ ሳሚ ከሁርሶ ማሠልጠኛ "አባዬ፣ ወደ ግንባር ሳንሄድ በገናህን በካሴት ላክልኝ" ብሎኛል። እናቱ ካረፈች ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ባዶ ካሴትም ያለኝ አንድ ነው። ወደ ሁርሶ የሚሄደው ሾፌር ዓርብ ይወስድልኛል።

ማክሰኞ
ድምፄን ሰማሁት። እስከ ዛሬ እግዜር ፊት የማሰማው ይሄን ነው? አፍንጫው የታፈነ ሽማግሌ። ቴፑን ወንበር ላይ ሳኖረው ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢ አጥፌ ከሥሩ አነጠፍኩለት፣ ተሻለው። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በጸሎት ነገር ስለ ድምፄ ማማር መጨነቄ አሳፈረኝ።

ረቡዕ
ጎረቤቴ አዴ ሙሚና ከመስኮቴ ሥር ተቀምጣ በርበሬ ትወቅጣለች። ዱቅ፣ ዱቅ። በገናውን ሳላስቀምጥ ጮህኩባት፦ "አቦ ይብቃሽ! የጸሎት ነገር እናንተ ምን ይገባችኋል!"

እናንተ! ሚስቴ ስትታመም አንስታ ታስተኛት የነበረችውን፣ ሳሚን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችልኝን ሴት።

ቴፑ ለካ እየቀዳ ነበር። መልሼ ሰማሁት። የኔ ጩኸት፣ አንድ ዱቅ፣ ከዚያ ጸጥ። ከዚያ ወዲያ ያለው በገና በዕድሜዬ ከደረደርኩት ሁሉ ያምራል። ይሄ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

ሐሙስ
ሙቀጫዋን ተሸክማ ከግቢው ውጪ ፀሐይ ላይ ስትወቅጥ አየኋት። ሰላም ስላት "አለሁ" ብቻ አለችኝ። ወትሮ "የሳሚ አባት፣ እንዴት አደርክ" ነበር የምትለኝ።

ጩኸቴ እንዴት እንደሚጠፋ ማንን ልጠይቅ? "ምኑን ልታጠፋ ነው?" ቢሉኝስ? ካሴቱን ገልብጬ ሳጫውተው ጭጭ። ተመስገን፣ ጠፋ። እንደገና ደርድሬ ቀዳሁ። እንደዚያኛው አላማረም፤ ይሁን።

ዓርብ
ሾፌሩ ወሰደው። ከስግደት ስመለስ በሯ ላይ ደረስኩና ማንኳኳት አቃተኝ። ግንባሬን መሬት ላይ ስደፋ የዋልኩ ሰው እኮ ነኝ።

ቅዳሜ
ደፍሬ ገባሁ። "አዴ ሙሚና፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ከካሴቱም ላይ አጥፍቼዋለሁ" አልኳት።

"ካሴት ላይ ነበር እንዴ?"

አላወቀችም ኖሯል! በራሴ አፍ ነገርኳት።

"እንዴት አድርገህ አጠፋኸው?"

"ገልብጬ።"

ትክ ብላ አየችኝና ሳቋ አመለጣት። "ወላሂ አንተ ሰውዬ! ካሴት እኮ ሁለት ፊት አለው። ባንዱ በገናህን፣ ባንዱ ስድብህን ልከህለታል!"

ሾፌሩን ፍለጋ ልወጣ ስል "ቁጭ በል" አለችኝ። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል። "እኔ ሰምቼዋለሁ። ሳሚም ይስማው።"

ቁጭ አልኩ። ውኃ ሰጠችኝ። ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን።

እሑድ
ሳሚ የትኛውን ፊት አስቀድሞ ይሰማ ይሆን? በቅዳሴም ሐሳቤ እሱ ጋ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ በገናውን አንስቼ ልቃኝ ስል ከመስኮቴ ሥር ዱቅ አለ። ዱቅ፣ ዱቅ። ይቅር ብላኝ ይሁን ፀሐዩ ከብዷት፣ አላውቅም። በገናውን መልሼ ሰቀልኩና መስኮቱን ከፈትኩት።