ስለ ቆሮሶ የሰጠሁት ምስክርነት

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ደስታው፤

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ ከሕክምናው በኋላ ፊደል ይለያል? የእናቴስ ወገብ ተሻላቸው? እኔ ሙቀቱ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት በሰመራ በጸሎትዎ ደኅና ነኝ።

የአገሩ ሰው «የመሪጌታ ልጅ ቅኔውን ጥሎ ዓሣ ቆጣሪ ሆነ» እያለ እንደሚሥቅ ነግረውኝ ነበር። እንግዲያው የዓሣውን ነገር ይስሙኝ።

ሥራችን የአዋሽን ጥልቀትና የውኃውን ሙቀት ለክቶ፣ አየሩ ይበልጥ ሲሞቅና ዝናቡ ሲዛባ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የት ሊኖር እንደሚችል በኮምፒዩተር ማስላት ነው፤ ስሌቱን ሞዴል እንለዋለን። ሞዴሉም ከዱብቲ በታች ያለው ጥልቅ ስፍራ በበጋ የዓሣው መሸሸጊያ እንደሚሆን አሳየን። አንድ እርሻ ግን ፓምፑን ሊተክል ያሰበው እዚያው ነበር። ጥልቁ ከተመጠጠ ዓሣውም፣ በዓሣው የሚያድረው የአጥማጆች ጎጆም ባዶ ሊቀር ነው።

ጉዳዩ በሽማግሌዎች ፊት ሊታይ ሲል አለቃዬ «ምናልባት የምትለውን ቃል አውጣት፤ ቁርጡን ተናገር፣ አለዚያ ይፈረድብናል» አለኝ። ከመምህሬ ያልሰማሁትን ሰማሁ ብል በአለንጋ የቀጡኝ እርስዎ ነዎትና፣ በሐሰት ከማሸነፍ በእውነት መሸነፍ ይሻለኛል አልሁት።

አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ በሚባል ሥርዓት ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን ከሰሙት አይቀላቅሉም፣ ውሸት የጨመረም ከዚያ ወዲያ ሰሚ የለው። የእርሻው ሰው ተነሥቶ «አንድ ዓሣ እንኳ አይሞትም» ብሎ ቢምል፣ ሽማግሌው መሀመድአሚን «ዓሣዎቹ ናቸው የነገሩህ?» ቢሉት ሸንጎው በሣቅ ፈነዳ። እኔ ግን የለካሁትን ለብቻ፣ ያሰላሁትን ለብቻ፣ ስሌቴ ሊስት የሚችልበትንም ሳልደብቅ ተናገርሁ። ሽማግሌውም «ይህ ሰው ዳጉ ያውቃል» አሉ። ፓምፑ ከጥልቁ ርቆ እንዲተከል ተወሰነ!

በግንቦት ወንዙ ሌላው ስፍራ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ሲሆን፣ ጥልቁ በቆሮሶ ተርመሰመሰ። አለቃዬ ይህን በዓይኑ ቢያይ «ያቺ ምናልባትህ ረታች» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። እውነት ትመነምናለች እንጂ አትበጠስም፤ ያስተማሩኝ ሁሉ እዚህ በረሃ ድረስ ሠርቷል።

የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ። እኅቴ ንጋትወርቅ በትምህርቷ ትበርታ። ለጎረቤቶቻችንም ዓሣ ቆጣሪ የሚለውን ስም በክብር ተቀብያለሁ ይበሉልኝ። ወንድሜ ታሪኩ ወሬ ማጋነን ይወዳልና፣ ይህን ሲያወራ አንድ ዓሣ እንኳ እንዳይጨምርበት ይገሥጹልኝ።

ልጅዎ ፍቅረ ሥላሴ
ሰመራ፣ ሰኔ ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.