በግራ የወጣው ጥለት

ለባለቤቴ ለተሰማ፤

ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ከሁለት ወር ሞላ። ጤናህ እንዴት ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ ራሴን አሳቀኝ። ጤናህንማ ጣሊያን ለመንገዱ ድንጋይ ሲያስፈልጥህ ጨርሶታል። ይልቅ የእኛን ልንገርህ። እኔ ደህና ነኝ። ልጅህ አስካለ አድጋለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው እየበቀሉ ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢጣመም ተወቃሹ መምህሩ ነው።

ቤቱ ያው ነው፤ የጓሮው ባሕር ዛፍ ግን ተቆርጧል። ገበያው ከአራዳ ተነቅሎ ወደ እኛ በኩል ተጠግቷል፤ ሰዉ መርካቶ ይለው ጀምሯል። እዚያ የፋብሪካ ጨርቅ ተቆልሎ ስለሚውል ፈትል የሚገዛኝ ሸማኔ እያነሰ ሄደ። እኔ ደግሞ የማውቀው መፍተል ብቻ ነበር። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ማን እንደደነገገው ባላውቅም ሁላችንም አሜን ብለን ተቀብለነዋል።

ወንድምህ ዘለቀ በአርባህ ዕለት መጥቶ፣ አባታችሁ ከጋሞ ተሸክመው ያመጡት የሽመና ዕቃ ሴት ቤት ቆሞ እንዳይበላሽ በሙት ዓመትህ እንደሚወስደው ነገረኝ። በክፋት አይደለም፤ ለእሱ ደንብ ነው። እኔ ግን ዕቃው ከቤት ሲወጣ፣ ከኋላው እኔና አስካለ የዘመድ ደጅ ስንጠና ታየኝ። የሰው እጅ አላይም አልኩ። እኔው ራሴ ልሸምን ቆረጥኩ።

መቁረጡ ቀላል ነበር። የፈራሁት የጎረቤት አፍ ይመስልህ ይሆናል። እሱም አልቀረም፤ ሴት ከሸማኔ ጉድጓድ ከገባች ድሩ ይበጣጠሳል፣ ቤቷም አይቀናም ይሉ ነበር። የባሰብኝ ግን ጉድጓዱ ራሱ ነው። እግርህን ሰደህ የምትሠራበትን ያን ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ቀራንዮ መድኃኔዓለም የቆፈሩልህ ይታየኛል። ሰሌን አልብሼው ሁለት ወር ሙሉ ዳር ዳሩን አለፍኩ። አንድ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ሰሌኑን ገፈፍኩና አማትቤ ገባሁ። ታች አፈሩ ላይ ተረከዝህ የሠራው ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ተረከዜ እዚያ ሲያርፍ አለቀስኩ። እያለቀስኩም መወርወሪያውን ወረወርኩት።

ድሩ እንዳሉትም ተበጠሰ። ቀጠልኩት። ደግሞ ተበጠሰ፣ ደግሞ ቀጠልኩት። ኋላ ነው ያንተም ድር ይበጠስ እንደነበር ትዝ ያለኝ፤ የወንድ እጅ ስለሆነ ማንም ስም አላወጣለትም እንጂ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። የእኔው ስምንት ወር ፈጀበት።

ያስተማረኝ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ፊት ለፊትህ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ማግ በቀሰም እየጠቀለልኩ ሳቀብልህ፣ ዓይኔ ከእጅህ አይነሳም ነበር። ምን እንደማፈጥ እየጠየቅህ ትስቅብኝ ነበር። እየተማርኩ መሆኔን እኔም አላወቅሁ።

የሙት ዓመትህ ዕለት ጠበል ጠዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ዘለቀ ገመድ ይዞ ወደ ዕቃው ሄደ። እኔም የሠራሁትን ነጠላ ዕቃው ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁት። ያንን ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ደረጃ የሚወጣውን ጥለትህን ነበር የጣልኩበት። ዘለቀ አየውና ጀርባውን የዘረጋሁ መስሎት ገለበጠው። አየ፤ መልሶ ገለበጠው። ያኔ ነው ለእኔም የታየኝ። ደረጃው ከቀኝ ወደ ግራ ይወጣል። ፊት ለፊትህ ሆኜ የተማርኩት እጅ፣ ቀኝህን በግራዬ ነው የያዘው። ድሩ እንዳይበጠስ ስጠብቅ ደረጃው ወዴት እንደሚወጣ ልብ አላልኩም። ስምንት ወር ለፍቼ የሸማኔ መሳቂያ የሆንኩ መሰለኝ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

ዘለቀ አልሳቀም። ዞር ብሎ ዱካዬን አየና ከዚያች ተቀምጬ እንደተማርኩ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ጥለቱን በጣቱ ሲዳስስ ቆየ፣ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ ከዚያ ጥለቱን እንዳላርመው አደራ ብሎኝ ገመዱን ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ዕቃው እነሆ እዚሁ ነው።

አሁን ሁለት ጎረቤቶቼ ያንን የግራ ጥለት እንድሠራላቸው ማጉን ራሳቸው ፈትለው አምጥተዋል። ቤቷ አይቀናም ያሉት እነሱው ናቸው። ያሉትን አላነሳሁባቸውም፤ ባለሥራ ነኝ፣ ለነገር ጊዜ የለኝም። ጉድጓዱን መፍራቴ ግን አልቀረም። ጠዋት ጠዋት እግሬን ስሰድ ዛሬም ይመጣብኛል፤ አማትቤ እገባለሁ።

አሁን ዱካዬ ላይ ተቀምጣ ቀሰሙን የምታቀብለኝ አስካለ ናት። እሷም ዓይኗን ከእጄ አትነቅልም። ትናንት ጉድጓዱን ለቅቄ ወጣ ባልኩበት ገብታ፣ በተረፈ ክር የእኔን ጥለት ስትሞክር ደረስኩባት። ልቆጣት ተጠግቼ ሥራዋን አየሁት። ግራዬን በቀኟ ይዛው ኖሯል። ደረጃው ከግራ ወደ ቀኝ ወጥቷል።

አልረሳህም ልልህ ነበር ይህን ወረቀት የጀመርኩት። አልረሳህም። ብረሳህም እንኳ ልጅህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታስታውሰኛለች።

ሚስትህ ዘነበች