ሳይነፋ የዋለ ሳክስፎን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ለቅዳሜ ፈተና ጠርቶኛል። የብራዚል ሙዚቃ በሳክስፎን የሚጫወት ሰው የሚፈልግ በስንት ዓመቴ ተገኘ! ልምምድ ግን ከየት ይምጣ? ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን ትናንት ተቀበሩ። አርባቸው ሳይወጣ በግቢያችን ሙዚቃ አይሰማም። ወደ ጉና መንገድ ወጣ ብዬ ብነፋም ወሬው ቀድሞኝ ይገባል። ዛሬ ሳልነፋ ቁልፎቹን ብቻ ስነካካ ዋልኩ። ጣቴስ ይሠራል፤ ከንፈሬ ነው የሚከዳኝ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ እጄን ያዙኝ።

«ጋሼ እኮ ያችን የብራዚል ዜማ ስትጀምር ሬዲዮ ያስዘጉኝ ነበር» አሉና አለቀሱ።

ንፋ ይሉኝ እንደሆነ ብዬ እጃቸውን ሳልለቅ ቆየሁ። አላሉኝም።