የሴቶቹ ካሜራ

የካቲት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ነገ የጎረቤታችን የሐጂ ልጅ ሰርግ ነው። ወንዶቹና ሴቶቹ በየራሳቸው አዳራሽ ነው የሚቀመጡት፤ የሁለቱንም አዳራሽ ስክሪን የማስኬደው እኔ ነኝ። ዛሬ ሐጂ መጥተው፣ “አደራሽን ልጄ፣ የሴቶቹ ካሜራ ወንዶቹ ጋ እንዳይወጣ” አሉኝ።

“አያስቡ ሐጂ፣ ሴቲንጉ ላይ ዘግቼዋለሁ።”

ምነው አፌን በያዝኩት! እሳቸው እንደወጡ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ሶፍትዌሩ በድሮው ሴቲንግ ተነሳ፤ የሴቶቹ አዳራሽ የወንዶቹ ስክሪን ላይ ቦግ አለ። አስተካክዬ ሴቭ አደረግኩት። አጥፍቼ ሳበራው ያው ነው። ካሜራውን እንዳልነቅለው፣ ሴቶቹ ጭፈራቸውን በራሳቸው ስክሪን ማየት ይፈልጋሉ። ለሐጂ ልንገራቸው? ምን ብዬ?

ነገ መብራት አይጠፋም ብሎ ማን ይምላል? ዛሬ የታየው ባዶ ወንበር ነው። ነገ እናቴ ሻሿን አውልቃ የምትጨፍረው እዚያ ነው።