ስለ ዋና ገማቻችን ሞትና ለሰባት ዓመት ስለደበቅነው ስህተት

የጥንታዊ ጠመንጃዎች ሰብሳቢዎች ማኅበር ለሠላሳ አንድ ዓመት አባሉ፣ ለሃያ አራቱ ደግሞ ዋና ገማቹ የነበሩት ባልደረባችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሰባ አራት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ በማረፋቸው ከፍተኛ ሐዘን ተሰምቶታል። ሐዘናችን ከኀፍረት ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ሟቹ ከጠመንጃ ጥገና ሥራ ተነስተው ማኅበሩን በተመሠረተ በሦስተኛው ዓመት ተቀላቀሉ። ለመካከለኛ ካሊበር ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃዎች የተለየ ፍቅር ነበራቸው። አፈሙዞቹን ነቅለው በክር ያንጠለጥሉና በእርሳስ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ድምፁ ጥርት ካለ ሁለቱን የያዘው ብየዳ ደህና ነው፤ ከታፈነ ለቋል። አባላት «ጋሼ ኮሽታ» ያሏቸው በዚህ ነው። ባለቤታቸውም «ለእኔ እንዲህ ጆሮ ቢሰጠኝ የት በደረስን!» ይሉ ነበር።

በማኅበሩ ስምንተኛ ዓመት የገዢዎች መመሪያ አዘጋጁ። «መጀመሪያ የመለያ ቁጥሮቹ በጠመንጃው ሁሉም ክፍል ላይ አንድ መሆናቸውን እዩ፤ በጌጡ የምትደነቁት መጨረሻ ላይ ነው» ይላል።

በማኅበሩ አሥራ አምስተኛ ዓመት አንዲት መምህርት ከአባታቸው የወረሱትን ጠመንጃ በርካሽ ሊሸጡ ሲሉ ሟቹ ትክክለኛ ግምቱን ነገሯቸው። ገዢው የማኅበሩ ሊቀመንበር ነበሩ። ሊቀመንበሩ ሟቹን ስድስት ወር አኮረፏቸው።

በማኅበሩ ሃያ ሰባተኛ ዓመት አንድ ጡረተኛ ፋርማሲስት፣ አባላችን፣ ሊገዙት ያሰቡትን ጠመንጃ አስገመቱ። ጠመንጃው ከነሣጥኑና ከነፋብሪካው ወረቀት የቀረበ፣ ዓይን የሚማርክ ነበር። ሟቹ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ቤት ሳይለኩ የማኅበሩን የምስክር ወረቀት ፈረሙ። ቤቱ ግን ቀደም ሲል ለትልቅ ጥይት እንዲሆን በሌላ ሰው እጅ ሰፍቶ ነበር። ፋርማሲስቱ በምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ጥይት አጉርሰው በመለማመጃው ሜዳ ሲተኩሱ በሰፋው ቤት ውስጥ ቀለሁ ተሰነጠቀ፤ እሳቱ ወደ ኋላ ወጥቶ ቀኝ ዓይናቸውን አጠፋው።

ሟቹ በማግሥቱ ሆስፒታል ሄደው ጥፋታቸውን ተናገሩ። ፋርማሲስቱ «ለእኔማ ነገሩኝ፤ ለሰው ማን ይንገርልኝ?» አሏቸው። ሟቹ ከዚያው በቀጥታ ወደ ኮሚቴው መጡ።

«ፋርማሲስቱ ምንም አላጠፉም። የፋብሪካውን ወረቀት አምኜ ብረቱን ሳልለካ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሊቀመንበሩ «ይሄ ከወጣ የሰጠነውን የምስክር ወረቀት ሁሉ ማን ያምነዋል? ባክዎ ይተዉት» ብለው መለሱላቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለንብረቱ የተሳሳተ ጥይት በመጠቀማቸው» ተብሎ ተጻፈ፤ ሁላችንም ፈረምን። ሟቹ ማኅተማቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጠመንጃ አልገመቱም። ቃለ ጉባኤው እንዲታረም በየዓመቱ የጻፏቸው ሰባት ደብዳቤዎች ፋይላችን ውስጥ አሉ። ለአንዱም መልስ አልሰጠንም። ፋርማሲስቱም «ጥይት የማይለዩት ሰውዬ» እየተባሉ ከመካከላችን ራቁ።

የዚህን መግለጫ የመጀመሪያ ረቂቅ ለባለቤታቸው ወስደን ነበር። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ይሄ ሁሉ ሙገሳ ምን ያደርግለታል? ሰባት ዓመት የለመናችሁን ካልጻፋችሁ ስሙንም አታንሱ» ብለው መለሱልን።

ስለዚህ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤው ሐሰት እንደነበረ ያረጋግጣል፤ የምስክር ወረቀቱንም ሰርዟል። በማኅበሩ የምስክር ወረቀት ጠመንጃ የገዙ አባላት በሙሉ እንደገና እስኪመረመርላቸው ድረስ እንዳይተኩሱ እናሳስባለን።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ብርታቱን እንመኛለን።

ፋርማሲስቱ ለቀብር መጥተው በሩ አጠገብ ብቻቸውን ቆመው ነበር፤ ከእኛ ወገን ሄዶ ሰላም ያላቸው የለም። ትናንት ሁለት የኮሚቴ አባላት ቤታቸው ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ የዚህንም መግለጫ የታረመ ረቂቅ አነበቡላቸው። እስከ መጨረሻው ቆመው አዳመጡ።

«ይሄንን እሳቸው በሕይወት እያሉ፣ እየሰሙ ብታነቡት ምን ነበረበት?» አሉና በሩን ዘጉ።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ